ከትብብር ደብዳቤው በፊት

ለ፦ በሶሻል ወርክ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ለሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች የመስክ ልምምድ አስተባባሪዎች

ጉዳዩ፦ ተማሪዎች ወደ መስክ ከመውጣታቸው በፊት ሊደረግ ስለሚገባው ዝግጅት



በየመንፈቁ ከእናንተ አንድ ደብዳቤ ይደርሰናል። ቁጥርና ቀን አለው፤ ክብ ማህተም አርፎበታል። ስማቸው የተዘረዘረው ተማሪዎች በመሥሪያ ቤታችን የመስክ ልምምድ እንዲያደርጉ አስፈላጊውን ትብብር እንድናደርግላቸው በትህትና ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው ራሱ ተማሪው ነው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይገባል፤ ከዚያ ወደ ኃላፊው ይሄዳል፤ ኃላፊው "ለማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል፣ ይስተናገዱ" ብለው ይመሩበታል፤ በመጨረሻም እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። በማግስቱ ጠዋት ተማሪው ጋውን ለብሶ ከፊቴ ይቆማል። እኔ ስለ እሱ የማውቀው ስሙንና የመታወቂያ ቁጥሩን ነው። እሱም ስለ እኛ የሚያውቀው የሆስፒታሉን ስምና የታክሲ መውረጃውን ነው።

በአዲስ አበባ ከሚገኙ የመንግሥት ሆስፒታሎች በአንዱ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ነኝ። ተማሪዎቻችሁን ስቀበል ዓመታት አልፈዋል። ይህን የምጽፈው "አትላኩብን" ለማለት አይደለም። እንዲያውም ከመጡት መካከል ዛሬ የሥራ ባልደረቦቼ የሆኑ፣ ከእኔም የሚበልጡ አሉ። የምለው አንድ ነገር ነው፤ የትብብር ደብዳቤ ዝግጅት አይደለም። ሳይዘጋጅ የመጣ ተማሪ ሥራውን የሚለማመደው በታካሚ ላይ ነው፤ ታካሚው ደግሞ መለማመጃ እንዲሆን ማንም አልጠየቀውም።

የነርሲንግ ተማሪዎችን ተመልከቱ። ዋርድ ከመግባታቸው በፊት ስኪል ላብ በሚባለው ክፍል በላስቲክ ክንድ ላይ መርፌ መውጋት ይለማመዳሉ። መምህሩ አጠገባቸው ቆሞ "ጣትህን እዚህ፣ አይንህን እዚያ" ይላቸዋል። የእኛ ሙያ መሣሪያው ንግግር ነው፤ ማዳመጥ፣ መጠየቅ፣ ዝም ማለት ነው። ይህም እንደ መርፌው ያቆስላል። ይሁንና ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን የሚከፍተው እውነተኛ ሰው ፊት ነው፤ ያውም ያ ሰው በሕይወቱ ከገጠመው ቀን ሁሉ በከፋው ላይ ሆኖ።

እኛ ዘንድ የሚመጣው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ታክሞ የዳነ፣ ነገር ግን የሚከፍለው አጥቶ መውጣት ያልቻለ የቀን ሠራተኛ አለ። ፖሊስ ከመንገድ ያነሳው፣ ስሙ እንኳን ያልታወቀ፣ ካርዱ ላይ "ያልታወቀ ወንድ" ተብሎ የተጻፈበት ሰው አለ። ልጇን ለካንሰር ሕክምና ከክልል ይዛ መጥታ ማደሪያ ያጣች እናት አለች። ቤተሰብ አምጥቶ አስተኝቷቸው የሰጠው ስልክ ቁጥር የማይነሳ አዛውንት አሉ። ተደፍራ የመጣች ልጅ አለች።

በመጨረሻዋ ልጀምር። ለኤችአይቪ የመጋለጥ አደጋ ያለባት ልጅ መከላከያ መድኃኒቱን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት፤ እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢሆን ይመረጣል። ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ቦታ የምታገኝባቸው እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያሉ ማዕከላት አሉ። ይህን የሚያውቅ ተማሪ የመጀመሪያ ጥያቄው "መቼ ነው የደረሰብሽ?" ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ይሮጣል። የማያውቀው ግን ቅጹን አውጥቶ ከልጅነት ታሪኳ ይጀምራል፤ ቅጹ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው እሱ ነውና። ልጅቷ ለእሱ የተናገረችውን ለነርሷ ትደግማለች፤ ለሐኪሟ ትደግማለች፤ ለፖሊስ ትደግማለች። ስለ ሥነ ልቦናዊ ጉዳት ሙሉ ኮርስ የወሰደ ተማሪ ይህን ሲያደርግ አይቻለሁ። ተማሪውን አልወቅሰውም። ንድፈ ሐሳቡን ያውቀዋል፤ ያላወቀው ሰዓቱንና በሩን ነው።

በሩን ማወቅ ስል ቀላል የሚመስል ነገር ማለቴ ነው። የነፃ ሕክምና ደብዳቤ የሚጻፈው ከየትኛው ቢሮ ነው? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል የሆነ የገጠር ሰው ያለ ሪፈር በቀጥታ አዲስ አበባ ቢመጣ ምን ይገጥመዋል? የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት የሚሠሩትን ብቻ ሳይሆን መሥራት የማይችሉ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችንም በቀጥታ ድጋፍ እንደሚያቅፍ ተማሪው ሰምቷል? ልጆቻቸው ካንሰር የታመሙባቸውን ወላጆች የሚያስጠጋ ተስፋ አዲስ የሚባል ማኅበር እንዳለስ? የሆስፒታሉ ላይዘን ቢሮ ምን ይሠራል? የሟች አስከሬን ወደ አገሩ እንዲሄድ የትኛው እድር፣ የትኛው የተወላጆች ማኅበር ይጠየቃል? ከአዲስ አበባ ውጭ ብትልኩት ጥያቄዎቹ ይለወጣሉ እንጂ አይጠፉም። አንድ ሳምንት ወረዳና ክፍለ ከተማ እየዞረ እነዚህን በሮች አንኳኩቶ የመጣ ተማሪ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለአንዲት እናት እውነተኛ ጥቅም ይሰጣል። ሳይዞር የመጣው ግን ልምምዱ እስኪያልቅ እኔን "የት ልላካቸው?" እያለ ይጠይቀኛል።

ሌላው የቋንቋው ነገር ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ መጽሐፉም፣ ፈተናውም፣ ሪፖርቱም። ሥራው ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ፣ በሶማሊኛ ነው። ተማሪው በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ አፉ የማይሰናከልበትን ጉዳይ ለአንዲት የገጠር እናት በአማርኛ ሊናገር ሲጀምር ይደናቀፋል። ወይ በግማሽ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ወይ እንደ ፖሊስ ይመረምራል፤ ወይ ደግሞ የእናቱ እኩያ የሆኑትን ሴት "አንቺ" ብሎ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ያርቃቸዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ብትመድቡለት ይህ ይቃለላል። ክፍል ውስጥ አንዱ እንደ ታካሚ፣ ሌላው እንደ ባለሙያ ሆነው፣ በአገር ቋንቋ፣ ከባዱን ነገር ይናገሩት። ልጁ እንደማይድን የተነገረውን አባት ያነጋግሩ። "ባሌ ነው የመታኝ፤ ግን እንዳትነግሩት" የምትለውን ሴት ያነጋግሩ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ ክፍል ውስጥ መሳቅ ይቻላል።

ስለ ጋውኑም ልናገር። ሆስፒታል ውስጥ ነጭ የለበሰ ሁሉ "ዶክተር" ነው። ተማሪው "ዶክተር" ሲባል ብዙ ጊዜ አያርምም። ታካሚው ግን የሚያነጋግረው ተማሪ መሆኑን፣ የነገረው ነገር በትምህርት ቤት ሪፖርት ላይ ሊጻፍ እንደሚችል፣ "ከተማሪ ጋር መነጋገር አልፈልግም" ቢል ሕክምናው እንደማይጓደልበት የማወቅ መብት አለው። ይህ የሚባለው በመጀመሪያው ደቂቃ ነው፤ ተማሪው ቃሉን አጥንቶት መምጣት አለበት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ተማሪዎች የመስክ ልምምድንና ምርምርን አይለዩም። መጠይቅ ይዘው ይመጣሉ። "ስንት ኬዝ ይበቃኛል?" ብለው ይጠይቁኛል፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን መረጃ በዚያው ሊሰበስቡ ያሰቡም አሉ። ለምርምር የሥነ ምግባር ፈቃድ የሚሰጥ ኮሚቴ አለ፤ ታካሚው የሚፈርምበት የስምምነት ቅጽ አለ። የመስክ ልምምድ በዚያ በር አይገባም፤ ስለዚህ በልምምድ ስም የተሰማ ምስጢር ለጽሑፍ ሲውል ታካሚውን የሚጠብቀው ማንም የለም። ከዚያም አልፎ የሕጻናት ፎቶ የተለጠፈበት፣ ስምና ቀበሌ ሳይቀር የተጻፈበት የልምምድ ሪፖርት በእጄ ገብቷል። ጽሑፉ ሽፋኑ አምሮ ተጠርዟል። ከላይኛው ገጽ ጀምሮ ማን እንደሆነች የምትታወቅ አንዲት ልጅ ግን በውስጡ አለች።

የገንዘቡን ጉዳይ ብዙ መምህራን ያልፉታል፤ እኔ ግን አላልፈውም፤ በየሳምንቱ የሚገጥመን ነውና። ተማሪው ወጣት ነው፤ ልቡ ይራራል፤ ኪሱ ያለችውን 200 ብር አውጥቶ ለአስታማሚዋ ይሰጣል። ክፋት የለበትም፤ ያደግንበት ነው። በማግስቱ ግን በቢሮው በር ላይ ሦስት ሰው ይጠብቀዋል። ቀጣዩን ሳምንት እነሱን ሲሸሽ ያሳልፋል። የከፋው ግን ዋርዱ ውስጥ አልጋ አጠገብ ላሉት ያልተሰጣቸው ሰዎች "ሶሻል ወርከር ማለት የሚሰጥ ነው፤ ለእኔ ግን አልሰጠኝም" የሚል ትርጉም መተዉ ነው። ከልምምዱ በኋላ ተማሪው ይሄዳል፤ ያ ትርጉም ከእኔ ጋር ይቀራል። እንዳይሰጥ አዋጅ አስነግሩ አልልም። ስጦታው በማን እጅ፣ በምን ሥርዓት፣ በምን ደረሰኝ እንደሚያልፍ፣ ሆስፒታሉ የችግረኛ ታካሚ ፈንድ ካለው እንዴት እንደሚጠየቅ ከመምጣቱ በፊት ንገሩት። ስለ ራሱ ቸርነትም አነጋግሩት፤ ይህ ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ ይልቅ ሙያውን የሚያስይዝ ውይይት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን መለያየቱ ነው። የሕጻናት ክፍል የሚተኙ ልጆች ለወራት ይቆያሉ። አንድ ተማሪ ይመጣል፤ ቀለም ይገዛል፤ ፊደል ያስቆጥራል፤ ልጁ ምግብ መብላት የሚጀምረው እሱ ሲመጣ ይሆናል። እናትየውም ሸክሟን የምታወርደው በእሱ ላይ ነው። ከዚያ መንፈቁ ያልቃል። ተማሪው የመጨረሻ ቀን የግምገማ ቅጹን ያስሞላል፤ ማህተም ያስመታል፤ ሻይ እንጠጣለን፤ ይሄዳል። ልጁ ሰኞ ዕለት በሩን ያያል። ነርሶቹ "ዛሬ አልመጣም እንዴ?" ይሉኛል። እኔ መልስ የለኝም፤ ልጁ ደግሞ ከዚህ በፊትም የሄዱበት ሰዎች አሉት፤ ለአንዳንዱ ልጅ ሳይሰናበት የሄደው አባቱ ነው።

በሙያችን መለያየት የሥራው አንድ ክፍል ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን የሚጀመር። "እኔ እዚህ የምቆየው እስከ ጥር ነው" ብሎ መጀመር፣ ሦስት ሳምንት ሲቀር ማስታወስ፣ ባለጉዳዩን በአካል ይዞ ለሚተካው ባለሙያ ማስረከብ፣ ኬዙን በጽሑፍ መተው። ይህን ሁሉ ተማሪዎቻችሁ ለፈተና ያውቁታል፤ በመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ስላለ ግን ልምምዱም የሚጠይቀው በመጨረሻ ይመስላቸዋል። እባካችሁ ከመላካችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፤ "እንዴት ነው የምትወጣው?" መልስ የሌለውን ተማሪ ገና አትላኩት።

የተማሪውም ደህንነት አለ። በሰሜኑ ጦርነት ዘመድ ያጡ፣ የተፈናቀሉ፣ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ልጆች ዛሬ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ሆነዋል። አባቷን በቅርቡ የቀበረች ተማሪ ለሞት የተቃረቡ ሕሙማን ወዳሉበት ክፍል ስትመደብ ማንም አልጠየቃትም። አስተባባሪው ቁጭ ብሎ ግማሽ ሰዓት ቢያነጋግራት ኖሮ ምደባው ይቀየር ነበር፤ ወይም እሷው "እችላለሁ" ብላ መርጣ ትገባበት ነበር። የቤት ለቤት ጉብኝትም እንዲሁ ነው። ሴት ተማሪ ብቻዋን የማታውቀው ሰፈር፣ ጥቃት አድራሽ ወዳለበት ቤት እንድትሄድ አንልክም፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ከእኛ ባልደረባ ጋር ትሂድ። ይህን እኛ እናደርጋለን፤ ግን እናንተም በጽሑፍ አስቀምጡት።

አንድ ነገር ለማስታወስ ያህል። ይህ ትምህርት መነሻው መስክ ነው። ከሙያው ፈር ቀዳጆች አንዷ የሆነችው አሜሪካዊቷ ሜሪ ሪችመንድ በ1897 እ.ኤ.አ. የበጎ አድራጎት ሠራተኞች ትምህርት ቤት ያስፈልጋቸዋል ብላ ስትናገር፣ በማግስቱ ዓመት ኒውዮርክ ላይ የተከፈተው የስድስት ሳምንት የክረምት ኮርስ የተዘጋጀው ቀድሞውኑ በሥራ ላይ ለነበሩ ሰዎች ነበር። ዛሬም በአሜሪካ የማስተርስ ፕሮግራም እውቅና የሚያገኘው ተማሪው ቢያንስ 900 ሰዓት መስክ ላይ ሲያሳልፍ ነው፤ እዚያ ተማሪው ለቦታው ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል፣ የሚማረውን የሚዘረዝር ውል ይፈርማል፣ ከባለጉዳይ ጋር ያደረገውን ንግግር እያስታወሰ ጽፎ ለተቆጣጣሪው ያቀርባል። የአሜሪካን እንገልብጥ ለማለት አልጠቀስኩትም፤ አቅማቸውም ችግራቸውም ሌላ ነው። ቃለ መጠይቅና ውል ግን በጀት አይጠይቅም።

የእኛን ታሪክ ደግሞ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ትምህርቱ በ1959 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ ከአብዮቱ በኋላ ተዘጋ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ እንደገና ተከፈተ። በመካከል የጠፋው 30 ዓመት ገደማ ዛሬም መስክ ላይ ይታያል። ተማሪን ሊያሠለጥን የሚችል፣ 25 ዓመት የሠራ አንጋፋ ሶሻል ወርከር በየመሥሪያ ቤቱ የለም። ተማሪዎቻችሁን የሚቀበለው አንዳንድ ቦታ ነርስ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ሶሲዮሎጂ ያጠና ነው፤ አንዳንድ ቦታ የሰው ኃይል ኃላፊው ነው። ሁሉም ቅን ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ተማሪው ከእነሱ ሙያውን ሊማር አይችልም፤ ስለዚህ እናንተ ያላዘጋጃችሁትን መስክ አያሟላውም። ሌላ አገር ውስጥ የዝግጅት ጉድለት በጠንካራ ተቆጣጣሪ ይሸፈን ይሆናል፤ እዚህ ግን የሚሸፍነው የለም።

ስለ ማታና የቅዳሜ ተማሪዎችም አንድ ቃል። አብዛኞቹ ሠራተኞች ናቸው፤ እኛ ደግሞ ቢሯችን የሚከፈተው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ልምምዱ የሥራ ቀን እንደሚጠይቅ ሲመዘገቡ ካልተነገራቸው፣ በመጨረሻ የሚሆነው በምሳ ሰዓት ብቅ ብሎ ፊርማ መሰብሰብ ነው። ይህን እናንተም እኛም እናውቃለን፤ ዝም እንባባላለን።

ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርና ለጤና ሚኒስቴርም በዚሁ አጋጣሚ የምለው አለኝ። ተማሪን ማሠልጠን በእኛ የሥራ መዘርዝር ውስጥ የለም፤ በሥራ አፈጻጸም ምዘናም አይቆጠርም። ለተማሪው የሰጠሁት ሰዓት ከታካሚው የወሰድኩት ሰዓት ነው። ክፍያ አልጠየቅኩም። ተማሪ የሚቀበል ባለሙያ የሚያየው የኬዝ ብዛት እንዲቀነስለት፣ ሥራውም በምዘናው እንዲታወቅለት መመሪያ አውጡ፤ ይህ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ነገር ነው።

ወደ እናንተ ልመለስ። ለሚቀጥለው መንፈቅ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ደብዳቤው ከተማሪው ጋር ሳይሆን ከተማሪው አንድ ወር ቀድሞ ይምጣ። ከደብዳቤው ጋር አስተባባሪው ራሱ ይምጣ፤ አንድ ጠዋት ከእኛ ጋር ይዋል፤ በር ላይ የሚቆመውን ሰው ይይ። ተማሪው እኛ አነጋግረነው፣ እኛም እሱም ተስማምተን ይግባ፤ "ይህ ቦታ ለዚህ ተማሪ አይሆንም" የማለት መብትም ይኑረን። የምስጢር ጥበቃ ቃሉን ፈርሞ፣ የሚማረውንና የሚወጣበትን ቀን የሚገልጽ ውል ይዞ ይምጣ። የግምገማ ቅጹን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ስጡን እንጂ ተማሪው አጠገባችን ቆሞ እያየ በመጨረሻው ቀን አይሁን፤ እንዲያ ሲሆን "እጅግ በጣም ጥሩ" የሚለውን ከመሙላት ሌላ የምናደርገው የለም፤ እናንተም ከዚያ ቅጽ ምንም አታውቁም።

ይህ ካልሆነ በሚቀጥለው መንፈቅ የሚመጣውን ደብዳቤ እኔ "ዝግጅቱ ሲሟላ ይመለስ" ብዬ እመልሰዋለሁ፤ በሌሎች ሆስፒታሎች ያሉ ባልደረቦቼም እንዲሁ እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ።



በአዲስ አበባ የአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለጤና ሚኒስቴር
በዚህ ዓመት ወደ መስክ ለሚወጡ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች